ሁለት መኪናና የደንገጎ ዳገት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ማሽን እጠግናለሁ። ቶነርም እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ግማሹ እዚሁ ናቸው፤ ግማሹ ሐረር፣ ሐረማያና አወዳይ። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ፣ ሲበዛ ሦስቴ ደንገጎን እወጣለሁ። ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው። መኪና ግን እዚህ መንገድ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ቤታችን ሁለት መኪና ነበረን። አንዱ በ2011 አዲሱን ከነላስቲኩ የገዛሁት፣ እዚሁ አገር የተገጣጠመ የቻይና ሴዳን ነው። 1.3 ሊትር፣ ማኑዋል። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ የአንድ መኪና ታሪክ ይዤ የሰው ስም ማጥፋት አልፈልግም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ የገዛቻት ቪትዝ ናት። በፈረንጅ የ2003 ሞዴል፣ 1.0 ሊትር፣ እሷም ማኑዋል። ሁለቱንም ያው እኔ ነዳኋቸው፣ ያው መንገድ ላይ፣ ያው ዕቃ ጭኜ። ደብተርም ያዝኩ።

ደብተሩ የመጣው ከሥራዬ ነው። ፕሪንተር ሁሌም ስንት ገጽ እንዳተመ ይቆጥራል። "ቶነሩ ቶሎ አለቀ" ብሎ የሚጨቃጨቅ ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሩን አሳየዋለሁ። ስለ መኪና ስናወራ ግን ሁላችንም ያለቁጥር ነው የምናወራው። "ቪትዝ እኮ ቤንዚን ትሸታለች እንጂ አትጠጣም!" እንላለን። እስኪ እንለካው አልኩ።

አለካኩ ቀላል ነው። ማደያ ሄዳችሁ ሙላው ትሉታላችሁ። መቅጃው በራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ፤ "ትንሽ ጨምርበት" የለም። ኪሎሜትሩን ትጽፋላችሁ። ቀጥሎ ስትሞሉ፣ ቢቻል እዚያው ማደያ፣ የገባውን ሊትር ትጽፋላችሁ። የተነዳውን ኪሎሜትር ለሊትሩ ማካፈል ነው። የአንድ ጊዜ ውጤት አትመኑ፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይደገም። ነዳጅ በስልክ መክፈል ግድ ከሆነ ወዲህ ደግሞ መጻፍ ብትረሱ እንኳ ስልካችሁ ላይ ቀኑና ብሩ ይገኛል። እኔን ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

ውጤቱ ይኸው። ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ ሴዳኑ በአማካይ በሊትር 12.1 ኪሎሜትር ሄደ። ቪትዟ 14.6። ድሬ ከተማ ውስጥ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ሴዳኑ 9.4፣ ቪትዟ 11.3። ድሬ ውስጥ በግንቦትና በሰኔ ያለ ኤሲ የሚነዳ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

በገንዘብ ስናሰላው፣ በአንድ የሐረር ጉዞ ልዩነቱ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ቤንዚኑን በ100 ብር ብናስበው 150 ብር። በወር ዘጠኝ ጊዜ ስመላለስ 1,400 ብር አካባቢ። የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ግን "የቻይናው ጎርፍ ነው የሚጠጣው" የሚያሰኝም አይደለም። ፍርዱም ልክ አይሆንም፤ ቪትዟ ከ900 ኪሎ በታች የምትመዝን ሚጢጢ መኪና ናት። ሴዳኑ ከሷ ብዙ ይከብዳል፣ ሞተሩም ይበልጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ወሳኙ ክብደት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ጋ ስትደርሱ 2,000 ይሞላል። ያንን ሁሉ ከፍታ በአጭር መንገድ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ እየተጠማዘዛችሁ ነው የምትወጡት። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል።

ስለዚህ ዳገቱ ላይ ምንም አታድኑም። ማዳን የሚቻለው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ብዙ ሹፌር ማርሹን ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) ይለቀዋል፣ ቤንዚን የቆጠበ መስሎት። የካርቡራተር ዘመን አልፏል። የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ላይ ሆናችሁ የነዳጅ ፔዳሉን ስትለቁ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጉታል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። በዚያ ላይ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከየት እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2016 ሚያዝያ ላይ፣ ሦስት ካርቶን ቶነርና አንድ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን በሴዳኑ ጭኜ ስወጣ፣ ደንገጎ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ተሰቀለ። ዳር ያዝኩ። ከቦኔቱ ስር እንፋሎት ይወጣል። ጫት የጫነ ፒካፕ ክላክሱን እያንባረቀ በአጠገቤ ተወንጭፎ ወረደ። እግዜር ይስጣት፣ አንዲት በቆሎ የምትጠብስ እናት "አትክፈተው! ይቀዘቅዝ!" ብላ ጮኸችብኝ። ልከፍተው እጄ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ነበር። ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ በአንድ ዓይን ነበር የምጽፈው።

ጋራዥ አደረስኩት። መካኒኩ፣ የኔ የዘወትሩ አልነበረም፣ አሥር ደቂቃ አየውና ተርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን) ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ድሬ ይሄ አያስፈልግም አቦ! ለብርድ አገር ነው።" ውሃ ሞላበት፣ ላከኝ። መኪናው አልሞቀም። ደስ አለኝ።

ደብተሩ ግን ደስ አላለውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ 12.1 የነበረው 10.4 ሆነ። ማደያውን ጠረጠርኩ። የጎማ ንፋስ አየሁ። ካንዴላ ቀየርኩ። ምንም። በመጨረሻ ወደ ጥንቱ መካኒኬ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። በድሬ ደንብ አንተ ነው የምለው፤ አንቱ ብለው ይቀየመኛል፣ ምን አደረግኩህ ይለኛል። ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ። ሐረማያ ማለዳ ላይ ሞተሩ ማሞቂያውን አጥቶ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረኝ። ተርሞስታት ከሌለ ውሃው ሁሌ ስለሚዞር ሞተሩ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ቶሎ አይደርስም። ኮምፒውተሩ ደግሞ "ገና አልሞቀም" ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል። ቀኑን ሙሉ ጠዋት እንደሆነ ነው የሚያስበው።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነበር። የራዲያተሩ ፋን በሰዓቱ አይነሳም፤ የሚያስነሳው ሪሌ ሞቷል። ሁለተኛ፣ ራዲያተሩ በኖራ ግማሹ ተደፍኗል። ድሬ ያደገ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልገውም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት። የቧንቧ ውሃችንን ራዲያተር ውስጥ ስንሞላ ያው ነው የምናደርገው። ራዲያተሩ ታጠበ፣ ሪሌው ተቀየረ፣ ተርሞስታት ገባ፣ ኩላንት ተሞላ። ቁጥሩ ወደ 12 ተመለሰ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናው ስምንት ቀን ቆሟል። ስምንት ቀን ለምን? ሥራው የአንድ ቀን ተኩል ነበር። የቀረው ተርሞስታት ፍለጋ ነው። ለዚያ ሞዴል ድሬ ውስጥ አልነበረም። አዲስ አበባ ተደወለ፣ በአውቶቡስ ተላከ፣ መጠኑ አነሰ፣ ተመለሰ፣ ሌላ መጣ። 515 ኪሎሜትር እየተመላለሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ ጀርባ ላይ አዲስ ዓምድ የከፈትኩት፤ የቆመበት ቀን። የቀደመውንም ከጋራዥ ደረሰኞች አሰላሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሴዳኑ 43 ቀን ቆሟል። ቪትዟ 11። ሴዳኑ ከቆመባቸው ቀናት አሥራ ሰባቱ ሐረር የግድ መሄድ ያለብኝ ቀን ነበር፤ ቪትዟ ደግሞ ልጆች ማመላለሻ ሆና ባለቤቴ ጋ ትውላለች። ስለዚህ ኮንትራት ያዝኩ፣ በቀን 3,000 ብር። 51,000 ብር! በሁለት ዓመት ሙሉ ከቤንዚን ልዩነቱ ካወጣሁት ይበልጣል። የጠፋውን ደንበኛ አልቆጠርኩም።

የሚገርመው ሴዳኑ ከባድ ብልሽት አልነበረውም። ሞተሩ አልተከፈተም። ካምቢዮው አልተነካም። የሚበላሸው ትንንሽ ነገር ነው፤ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ የበር መቆለፊያ። አንዴ ክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነበው) ሄደ፤ ዋጋው 1,800 ብር ነበር። አሥራ ሁለት ቀን አቆመኝ። የመጀመሪያው የተላከው ሶኬቱ ባለ ሦስት እግር ሲሆን የኔ ባለ ሁለት ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት! እንደ መካኒኬ አባባል የተለያየ ዙር የገባው ዕቃ የተለያየ አቅራቢ ነው የሚሠራው። ከዚያ ወዲህ ሞዴሉን ነግሬ ዕቃ አላዝም። የቻሲስ ቁጥሩን፣ የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ ሶኬቱን በቅርብ አንስቼ እልካለሁ። ዕቃው ላይ የታተመ ቁጥር ካለ በጥርስ ብሩሽ አጽዱትና አንሱት። ከዚህ በኋላ አንዴም ተሳስቶ አልመጣልኝም። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ሃያ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

የሀገር ውስጥ ምርት ስንል እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለብን። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ሴንሰሩም በሳጥን ከውጭ ነው የሚመጣው። እዚህ የሚሠራው መግጠሙ ነው። መገጣጠሙን አልንቅም፤ ከኔ መኪና አንድም ቡሎን ላልቶ አያውቅም። ግን ሰው "የሀገር ውስጥ ስለሆነ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል" ብሎ ነው የሚገዛው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገዛሁት። ፋብሪካው ቅርብ ነው ማለት ሴንሰሩ ቅርብ ነው ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ሆላንድ ካር የሚባለው መገጣጠሚያ መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ ብሎ በወንዞቻችን ስም ሲሰይም ደስ ብሎን ነበር። ስሙ የኛ ነው፤ ዕቃው ግን ያው በመርከብ ነው።

ቪትዟስ? ለሷ የማይገኝ ዕቃ የለም። ድሬ ውስጥ ጠዋት የተበላሸው ከሰዓት ይገጠማል። ሱቁ ኦሪጅናል፣ ታይዋን፣ ቻይና ብሎ ሦስት ዋጋ ይነግራችኋል። (ታይዋን ሲል ታይዋን የሚባለውን የድሬ ገበያችንን ማለቱ አይደለም፣ የዕቃውን ደረጃ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ዘመዴ ታይዋን ገበያ ሄዶ ስፔር ሲፈልግ ውሏል።) የፍሬን ሸራና አሞርዛተር ላይ ርካሹን አትግዙ። ለበር እጀታ ቻይናው ይበቃል።

ግን ቪትዟም የራሷ ገመና ነበራት። ስንገዛት 118,000 ኪሎሜትር ታነባለች። ደላላው በልጆቹ ማለ። ከወራት በኋላ የአየር ፊልትሮውን ሳወጣ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የደበዘዘች ተለጣፊ ወረቀት አየሁ። በአረብኛ የተጻፈች። ጎረቤታችን ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። ቀጣዩ የዘይት ለውጥ በ186,000 ይላል። ሀጂ ወረቀቷን መለሱልኝና "አላህ ይካስህ" አሉኝ። አንድ ሰው ባሕር ማዶም ሆነ እዚህ፣ ወደ ሰባ ሺህ ኪሎሜትር በጣቱ ፍቆታል።

ምልክቱ ፊቴ ነበር። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ልሙጥ ሆኗል፣ መሪው ያብለጨልጫል። 118,000 የሄደ መኪና ፔዳል እንደዚያ አይላጭም። ሌላም ነገር ነበር። ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች አሉ፤ የኛዋም አንዷ ናት። በዝናብ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገው ለተሳፋሪው ነው፤ ከሹፌሩ ፊት ግን ጥግ ላይ ሳይጠረግ የሚቀር አለ። ልትገዙ ስትሄዱ መስታወቱ ላይ ውሃ ረጩና መጥረጊያውን አስነሱት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከፋብሪካ ጋር አይያያዝም ይሄ፤ የሻጭ ነገር ነው። ያም ሆኖ 190,000 ገደማ ላይ ያለች ሞተር ዘይት አትበላም፣ ዳገት አትፈራም። የ1.0 ሊትሩ ሞተር ሰንሰለት ነው ያለው፣ ቺንጋ የለውም፤ ስለዚህ በየጊዜው ቺንጋ ቀይሩ የሚል ጣጣ የለም። ዘይቱን በየ5,000 እቀይራለሁ። በቃ።

ሐረር ስሄድ ሁሌ የማስበው አንድ ነገር አለ። ፔጆ 404ቶቹን። ፈረንሳይ አገር በ1960 ወጥቶ በ1975 ማምረት የቆመ መኪና ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሐረር ላይ ግን ታክሲ ሆኖ ሰው ሲያመላልስ ኖረ። አሁን ባጃጁ አጥለቅልቆ ቁጥራቸው ቢያንስም፣ ሸዋ በር አካባቢ ሳገኝ እሳፈራለሁ። አንዱን ሹፌር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። "የሐረር ልጅ ሁሉ ይፈታዋል፣ የሐረር ልጅ ሁሉ ይገጥመዋል" አለኝ። ቤንዚኑንስ? አላየኝም እንኳ። "እሱን ተወው" አለ፣ ማርሹን ከመሪው ስር እየጎተተ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መኪና በቤንዚን ቁጠባ አይደለም የኖረው። በሰፈሩ ሁሉ እጅ የሚታወቅ ስለሆነ ነው።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የኔ ሂሳብ ከዚህ ይነሳል። ደላላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ስፔር ሱቅ ሂዱ። መኪናው ገና የላችሁም፣ ግን እንዳላችሁ ሆናችሁ ተርሞስታት፣ የፊት ኩሽኔታና ክራንክ ሴንሰር ጠይቁ። "አለ" ካላችሁ ዋጋ ጠይቁ። "ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" ካላችሁ ስንት ቀን ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ በሁለት አባዙት። ከዚያ መካኒካችሁን ያን ሞዴል ስንት ጊዜ እንደፈታ ጠይቁት። ቀጥሎ ቤንዚኑን አስሉ። በሳምንት አንዴ ሰርግ ለመሄድ ብቻ ከሆነ መኪናው የሚያስፈልጋችሁ፣ ሴዳኑን የመሰለው ምንም አይላችሁም፤ ሰፊ ነው፣ ምቹ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እንጀራችሁ በሱ ላይ ከሆነ ነው ችግሩ።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አዲስ ሆኖ ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጥ መኪና 5 በመቶ ሲጥል፣ ያገለገለው ላይ ግን ዕድሜው በገፋ ቁጥር አክብዶታል። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ማስገባት ቆመ። ስለዚህ እዚህ አገር ያለው አሮጌ መኪና እያረጀ ይወደዳል። ስለ ኤሌክትሪኮቹ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ደንገጎን በራሴ እጅ አላወጣኋቸውም፤ ስለዚህ አላወራም።

ሴዳኑን ባለፈው ዓመት ሸጥኩት። ገዢው በጅግጅጋ መስመር እየተመላለሰ የሚሠራ ወጣት ነው። ሞተሩን አስነሳ፣ ሰማ፣ ወደደው። ደብተሩን አሳየሁት። የቤንዚኑን ገጾች ቶሎ ቶሎ ገለበጣቸው። የጀርባውን ዓምድ ግን በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠረ። አርባ ሦስት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ተከራከርን፣ ሻይ ጠጣን፣ 30,000 ብር ቀነስኩለት።

ሊብሬውን ሲቀበለኝ "ደብተሩንም ጨምርልኝ" አለ። ትንሽ አመነታሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ለዚያ መኪና ትክክለኛ ዕቃ የላኩልኝ የአዲስ አበባ ሱቆች ስልክና የዕቃዎቹ ቁጥር ሁሉ አለ። ፎቶ አንስቼ አስቀረሁና ደብተሩን ሰጠሁት።